ትልቅ ራዲያተር ከመግዛትዎ በፊት

መኪናዎ ኤም ጂ ቢ ከሆነ፣ በሐምሌ ቀትር ላስ ቬጋስ ወይም ዋሽንግተን ውስጥ መንገድ ተዘጋግቶ ሲቆሙ ዓይንዎ ከፊትዎ ካለው መኪና ይልቅ የሙቀት ጌጁ ላይ ነው። መርፌው ሽቅብ ማለት ሲጀምር አብዛኛው ባለቤት የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ማታውኑ ስልኩን ከፍቶ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ራዲያተር ያዛል። ይህ ጽሑፍ ያንን ግዢ ለጥቂት ቅዳሜዎች እንዲያዘገዩት ለመለመን ነው። ራዲያተሩ መጨረሻ ላይ ሊያስፈልግዎ ይችላል። ከእሱ በፊት ግን ወጪያቸው ትንሽ፣ ጥቅማቸው ትልቅ የሆኑ ሥራዎች አሉ። እነሱን ዘለው አዲስ ራዲያተር ከገጠሙ መርፌው ብዙ ጊዜ ተመልሶ እዚያው ይወጣል።

ኤም ጂ ቢን የመረጥኩት ሥራው ለመማሪያ ስለሚመች ነው። እንግሊዝ አገር አቢንግደን ከተማ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1962 እስከ 1980 ከ5 መቶ ሺህ በላይ ተሠርቶ አብዛኛው ወደ አሜሪካ ስለተላከ፣ እዚያ የሚኖር ሐበሻ በመጠነኛ ዋጋ ሊያገኛቸው ከሚችላቸው የድሮ ስፖርት መኪኖች አንዱ ነው። መለዋወጫው ዛሬም አዲስ ይመረታል። ሞተሩ 1,798 ሲሲ፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ብሎኩም ቴስታታውም ብረት ነው፤ ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የማይገባበት ቦታ ጥቂት ነው። ትራያምፍ፣ ዳትሰን 240ዜድ ወይም ፊያት 124 ስፓይደር ያለዎትም አካሄዱ ያው ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ከመኪናዎ መጽሐፍ ይውሰዱ። የቮልስ ባለቤቶች ግን እዚህ ላይ ብንሰነባበት ይሻላል፤ የእናንተ ሞተር ራዲያተር የለውም።

መቼ ነው የሚሞቀው?

ኪያቤ ከማንሳትዎ በፊት ይህን ጥያቄ ይመልሱ። ቆሞ ሲሞቅና መንገድ ሲከፈትለት የሚበርድ ከሆነ የጎደለው ነፋስ ነው፤ ጥፋቱ ከፋኑ ወይም ከአየሩ መተላለፊያ አይወጣም። በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ በአውራ ጎዳና ላይ ፍጥነት ሲጨምሩ የሚሞቅ ከሆነ ነፋስማ ሞልቷል፤ የጎደለው የውሃው ዝውውር ነው። ወይ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኗል፣ ወይ የታችኛው ማኒኮቶ ፓምፑ ሲስበው ይጨመደዳል፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፦ ታይሚንጉ የዘገየ ወይም ካርቡራቶሩ ቤንዚን ያሳጠረ ሞተር ራሱ ከሚገባው በላይ ሙቀት ያመርታል። እንዲህ ያለውን ሞተር በራዲያተር ማብረድ አይቻልም። ስለዚህ ታይሚንጉንና ካርቡራቶሩን አስቀድመው ያስተካክሉ።

ሦስተኛው ዓይነት ክፉ ነው። ጠዋት ተነሥቶ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ወይም ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ይጠርጥሩ። ለዚህ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለው መመርመሪያ በርካሽ ይሸጣል፤ ከራዲያተሩ አፍ የሚወጣው አየር የቃጠሎ ጋዝ ካለበት ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከተለወጠ ይህን ጽሑፍ ወደ ጎን አድርገው መጀመሪያ ቴስታታውን ያስወርዱ።

ጌጁም ይመርመር። የስድሳ ዓመት ጌጅ ሊዋሽ ይችላል። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የቴርሞስታቱን ቤት ይለኩና ጌጁ ከሚያሳየው ጋር ያስተያዩ። የሚያብረቀርቅ ብረት መሣሪያውን ያሳስታል፤ ስለዚህ የሚለኩበት ቦታ ላይ ቁራጭ ጥቁር ቴፕ ይለጥፉ። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ላይ ጌጁ ከሞተሩ ጋር የሚገናኘው በፈሳሽ በተሞላች ቀጭን የመዳብ ቱቦ ነው፤ እሷን ካጠፏት ጌጁ አለቀለት።

እጥበት

ከዚህ ሥራ ሁሉ አንዱን ብቻ ሥራ ብባል እጥበቱን ነው የምመርጠው። ብረት ብሎክ ባለፉት ባለቤቶች ዘመን የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሮ ውስጡ ዝገትና ዝቃጭ ተቀምጧል። ዝቃጩ የሚጠራቀመው ፓምፑ ካለበት በጣም በራቀው ጫፍ፣ በ4ኛው ሲሊንደር ዙሪያ ነው፤ ጌጁ ደህና ሲያሳይ እንኳ ያ ሲሊንደር ለብቻው ሊቃጠል ይችላል።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መብረዱን ያረጋግጡ። የሞቀ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም፤ በጨርቅ ይዤ ቀስ ብዬ ልሞክር ማለትም አያድንም። የማሞቂያውን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ክፍት ያድርጉ፤ ካልሆነ በውስጡ ያለው አሮጌ ውሃ ሳይወጣ ይቀራል። ክዳኑን ከፍተው የታችኛውን ማኒኮቶ ይፍቱና ፈሳሹን በሰፊ ሳፋ ይቀበሉ። አሮጌ ኩላንት መርዝ ነው፤ ጣዕሙ ስለሚጣፍጥ ውሻና ሕፃን ይልሱታል። መሬት ላይም ቦይ ውስጥም አይፈስም።

ቀጥሎ ብሎኩ ላይ ወደ ኋላ በኩል ያለችውን ማፍሰሻ ይፈልጉ። ሲፈቷት ምንም ጠብ ካላለ የማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ባዶ ነው ብለው እንዳይዘናጉ፤ ቀዳዳው በዝገት ተደፍኖ ነው። ጠንካራ ሽቦ ያስገቡና እየቆፈሩ ያዙሩት። መጀመሪያ ቡናማ ጭቃ ይንጠባጠባል፤ ከዚያ ድንገት ግድቡ ሲሰበር ውሃው እስከ ክንድዎ ሊረጭ ስለሚችል ፊትዎን ዘወር ያድርጉ። የዚያን ጭቃ ብዛት ያየ ሰው ለምን ትልቅ ራዲያተር እንዳልፈታው ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚያ ቴርሞስታቱን አውጥተው የአትክልት ጎማውን በጨርቅ ጠቅልለው በብሎኩ የቴርሞስታት አፍ፣ ከዚያም በራዲያተሩ የታችኛው አፍ ላይ ይግጠሙና ውሃውን ከተለመደው አቅጣጫ በተቃራኒ ይልቀቁ፦ ብሎኩን ከላይ ወደ ታች፣ ራዲያተሩን ከታች ወደ ላይ። ግፊቱን አያብዙ፤ አሮጌ ብየዳ አይችለውም። የሚወጣው ውሃ ጠርቶ እስኪወርድ ይቀጥሉ። እንደ ሻይ ጀበና ውስጥ የተጋገረ ነጭ ቅርፊት ካለ የራዲያተር ማጠቢያ ወይም የሎሚ አሲድ ዱቄት በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን አሟሙተው ያስገቡ፣ ሞተሩን አሙቀው ለተባለው ጊዜ ያስነሡ፣ ያፍስሱና ደጋግመው ያለቅልቁ። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማጠቢያ አሉሚኒየም ስለሚበላ አይጠቀሙ። ከእጥበቱ በኋላ ራዲያተሩ ማንጠባጠብ ቢጀምር ማጠቢያውን አይውቀሱ፤ ሲያሽገው የኖረው ቆሻሻው ነበር።

ሥርዓቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ማኒኮቶዎቹን በሙሉ ይቀይሩ። ጎማቸው ለስልሶ ወይም ጠጥሮ ከሆነ ጊዜያቸው አልፏል። የፓምፑን ፑሊ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ያነቃንቁት፤ ከተወዛወዘ ወይም ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ካስነባ አዲስ ይግዙ። ችንጋው መሀሉ ላይ በአውራ ጣት ሲጫን አንድ ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ያህል ቢረግብ ልክ ነው።

ቴርሞስታት አይጣልም

ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሞቀ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ የሚደረገው ቴርሞስታቱን አውጥቶ መወርወር ነው። አልስማማበትም። ያለ ቴርሞስታት የሚሄድ ሞተር መሥራት በሚገባው ሙቀት ላይ በወጉ ስለማይደርስ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። በ74 ዲግሪ የሚከፈተውን መግጠምም አያድንም። ቴርሞስታት የሚወስነው በሩ መቼ መከፈት እንደሚጀምር እንጂ ከተከፈተ በኋላ ራዲያተሩ ምን ያህል እንደሚያበርድ አይደለም። ለኤም ጂ ቢ የተለመደው በ82 ዲግሪ የሚከፈተው ነው፤ በእሱ ይቆዩ።

አዲስ ቢሆንም ከመግጠምዎ በፊት ይፈትኑት። ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው ከቴርሞሜትር ጋር ውሃ ያሙቁ፤ መቼ መከፈት እንደጀመረና መቼ ተከፍቶ እንዳለቀ ይመልከቱ። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከመጀመሪያው በላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። ይህን ሙከራ አዲስ አበባ ላይ የሚያደርግ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ እዚያ ከፍታ ላይ ክፍት ድስት የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በ88 ዲግሪ የሚከፈት ቴርሞስታት ድስቱ ውስጥ ግማሽ ተከፍቶ ቢቀር ጥፋቱ የከፍታው ነው።

ክዳኑ

የድስቱ ነገር ወደ ክዳኑ ያመጣናል። የራዲያተር ክዳን ግፊት ያዥ ነው፤ ግፊት በጨመረ ቁጥር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። በባሕር ጠለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ንጹህ ውሃ በ10 ፒኤስአይ ክዳን ሥር እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። አዲስ አበባ ላይ የውጪው አየር ራሱ ስለሚሳሳ ያው ክዳን የሚያደርሰው ወደ 110 ገደማ ነው። ደጋ ላይ የሚነዳ ሰው ሙቀቱ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ከቆላው ቀድሞ የሚያፈላው ለዚህ ነው፤ ስፕሪንጉ የደከመ ክዳን ይዞ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል።

የቀደሙት ኤም ጂ ቢዎች ክዳን 10 ፒኤስአይ ወይም ከዚያ በታች ነበር። ማኒኮቶውም ራዲያተሩም የማሞቂያው ውስጥ ራዲያተርም ጤነኛ ከሆኑ ወደ 13 ማሳደግ ጥቂት ዲግሪ ይጨምርልዎታል። ከዚያ ማለፍ ግን ጥቅም የለውም፤ የሚፈነዳው ደካማው ክፍል ነው፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ እግርዎ አጠገብ ያለው ማሞቂያ ነው። የክዳኑ አንገት ጥልቀት ከመኪና መኪና ስለሚለይ አሮጌውን ይዘው ሄደው ያስለኩ።

አብሮ የሚሠራ ርካሽ ማሻሻያ አለ። በድሮው አሠራር ውሃው ሲሞቅና ሲሰፋ በትርፍ ቱቦው መንገድ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ቱቦውን ወደ ትንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢያገቡትና ሁለት ጎማ ያለውን፣ ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን መልሶ የሚስበውን ክዳን ቢገጥሙ ራዲያተሩ ሁልጊዜ እስከ አፉ ይሞላል፣ አየርም አይገባበትም።

ነፋሱን ማስገደድ

ነፋስ ሰነፍ ነው፤ ቀላሉን መንገድ ካገኘ በራዲያተሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ውስጥ አያልፍም። በራዲያተሩና በአካሉ መካከል፣ በተለይ ከላይ፣ ፋብሪካው ያደረገው የስፖንጅ ማሸጊያ አለ። ዛሬ በአብዛኛው መኪና ላይ በስብሶ ጠፍቷል። ያ ክፍተት ነፋሱን በላይ ያሳልፋል፤ ሲቆሙ ደግሞ ከሞተሩ የወጣውን ትኩስ አየር ወደ ፊት መልሶ ያስገባል። የጥቂት ዶላር ስፖንጅ ቆርጠው ይለጥፉ። ከፊት ያለውን የዘይት ማቀዝቀዣም በኪሱ የተሰካውን ቅጠልና ነፍሳት በውሃ አውጥተው ያጽዱት፤ እሱ ከተደፈነ ከኋላው ያለው ራዲያተር ነፋስ አያገኝም።

ፋኑን ይቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ባለ 3 ክንፍ የብረት ፋን ነበራቸው፤ በኋላ የመጣው ባለ 7 ክንፍ ፕላስቲክ ብዙ አየር ይስባል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ተገልብጦ የተገጠመ ፋን ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ሞተሩ ሲሠራ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ያስጠጉ፣ ከተለጠፈ ልክ ነው።

ይህም ካልበቃ ወደ ኤሌክትሪክ ፋን ይሂዱ። ፋብሪካው ራሱ ለ1977 ሞዴል የወሰደው ውሳኔ ይህ ነው። ቦታ ካለ ከራዲያተሩ ጀርባ ሆኖ የሚስበውን ይምረጡ። ከፊት ሆኖ የሚገፋው ቦታ ለጠበበበት ነው፤ በፍጥነት ሲሄዱ ነፋሱን በከፊል ይጋርዳል። ፋኑን በራዲያተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ውስጥ በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ አይሰሩት፤ እየተንቀጠቀጠ ቱቦ ይቆርጣል። ከጎን ወደ ጎን የሚሄድ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ይያዝ። ፋኑ የሚሸፍነው መሀሉን ብቻ ከሆነ ከቀጭን ላሜራ ሙሉውን የሚያለብስ ሽፋን ያሠሩለት፤ ያለ ሽፋኑ ጥጉ አይበርድም።

የኤሌክትሪኩ ነገር በተለይ ይታሰብበት። ከ1967 መጨረሻ በፊት የተሠሩት መኪኖች ዲናሞ ነው ያላቸው፤ የሉካሱ ዲናሞ ቢበዛ የሚሰጠው 22 አምፔር ነው፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ደግሞ ከዚህ ብዙ ያነሰ። ፋኑ ከ10 እስከ 15 አምፔር ይበላል፤ የሚያስፈልገውም ልክ ቆመው፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው። መብራት ከበራ ባትሪው ይራቆታል። ስለዚህ በነዚያ መኪኖች ላይ መጀመሪያ ኦልተርኔተር ይገጠማል። ሌላም አለ፦ እነዚያ መኪኖች ፖዘቲቩ ከአካሉ ጋር የታሰረ ነው። ይህን ሳያዩ ፋኑን ያያያዘ ሰው ወደ ኋላ የሚዞር ፋን ያገኛል፤ ኦልተርኔተር ያያያዘ ሰው ደግሞ ያቃጥለዋል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ በ25 ወይም 30 አምፔር ፊውዝ በኩል ወደ ሪሌው 30 ቁጥር ይምጣ፤ ከ87 ወደ ፋኑ ይሂድ። 86 ቁልፉ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ጋር፣ 85 ደግሞ በሙቀት ስዊቹ በኩል ከአካሉ ጋር ይገናኝ። የፋኑን ጭነት በመኪናው አሮጌ የቁልፍ ሽቦ ላይ አይጫኑ። ስዊቹ ከላይኛው ማኒኮቶ በኩል ከተገጠመ በ95 ገደማ የሚያበራ፣ በ88 ገደማ የሚያጠፋ ይሁን። ቴርሞስታቱ ከሚከፈትበት በታች የሚያበራ ከመረጡ ፋኑ ቀኑን ሙሉ ይዞራል።

አሁን ራዲያተሩ

እስከዚህ ሠርተው አሁንም በአውራ ጎዳና ላይ የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩን ይመርምሩ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ በኢንፍራሬድ ፊቱን በመስመር ይለኩ፤ ሙቀቱ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ መቀነስ ሲገባው መሀል ላይ ድንገት የሚቀዘቅዝ ቦታ ካገኙ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የድሮውን የላይና የታች ጋን አስቀርቶ መሀሉን በአዲስ መዳብ ማስቀየር ነው። መልኩ እንደ ፋብሪካው ይቆያል፤ መዳብም ሙቀት በማስተላለፍ ከአሉሚኒየም ይበልጣል። አሉሚኒየሙ የሚያሸንፈው ቱቦዎቹ ሰፋ ተደርገው ስለሚሠሩና በእርሳስ ብየዳ ስለማይያያዙ ነው፤ ቀላልም ነው። እኔ ለመንገድ መኪና መዳቡን እመርጣለሁ። ሲቀደድ የትም ያለ ራዲያተር በያጅ ያክመዋል፣ መኪናውም መልኩን አያጣም። የትኛውንም ቢመርጡ በወፍራምነቱ አይታለሉ። መሀሉ በጣም የወፈረ ራዲያተር ነፋሱን ስለሚያፍን በዝግታ ሲነዱ ከቀጭኑ ሊብስ ይችላል።

አሉሚኒየም የገጠመ ሰው በጎማ ላይ ያስቀምጠው፤ ብረት ከብረት አይንካ። ሥርዓቱን ከሞሉ በኋላ ሞተሩን አስነሥተው መብራቱንና ፋኑን አብርተው የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ብረት ሳያስነኩ ኩላንቱ ውስጥ ይንከሩ። ይህ የሚደረገው ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ነው። ከ0.1 ቮልት በታች ጥሩ ነው። 0.3 ካለፈ የሆነ ቦታ የላላ የአካል ሽቦ አለ፤ ካልፈለጉት አዲሱ ራዲያተር ከውስጥ ይበሳል።

መሙላት

ሥርዓቱ 5 ሊትር ተኩል ገደማ ይይዛል። ዲስቲልድ ውሃ ይጠቀሙ። ኩላንት ግማሽ በግማሽ መደባለቅ ብርድ ላለበት አገር ነው፤ ግላይኮል ሙቀት በመሸከም ከውሃ ስለሚያንስ ብርድ በሌለበት ከመቶ 30 እጅ ይበቃል። ኩላንቱ ጨርሶ አይቅር፤ ዝገት የሚከላከለው እሱ ውስጥ ያለው ነው። ለመዳብ ራዲያተር የድሮውን አረንጓዴ ዓይነት ይግዙ፣ ከሌላ ቀለም ጋር አይደባልቁ።

የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርገው የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍተው ቀስ ብለው ይሙሉ፣ ማኒኮቶውን እየጨመቁ አየሩን ያስወጡ። ሞተሩን ክዳኑ እንደተከፈተ ያስነሡ፤ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው በድንገት ይወርዳልና ያኔ ይጨምሩና ክዳኑን ይግጠሙ። ማሞቂያው ትኩስ አየር ካልነፋ አየር ተይዟል፤ አብርደው ይድገሙት።

ከዚያ ቆሞ እንዲሠራ ይተዉትና ፋኑ በርቶ እስኪጠፋ ቢያንስ ሦስት ዙር ይጠብቁ። ቀጥሎ አውራ ጎዳና፣ ቀጥሎ ዳገት። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ማኒኮቶዎቹን የሚያስሩትን ፋሸታዎች በሙሉ እንደገና ያጥብቁ፤ አዲስ ጎማ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ይረግባል። ኩላንቱን በየሁለት ዓመቱ ስለሚቀይሩ የሞሉበትን ቀን በቴፕ ጽፈው ራዲያተሩ ላይ ይለጥፉት።